ለትንንሽ የሐረግ ካርዶች እስክሪብቶ ይሻላል ወይስ እርሳስ?

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቼ የምልከው ካርድ እያዘጋጀሁ ነው። ካርዱ መዳፍ የሚያህል ሲሆን የብራና መጻሕፍት ላይ የምናየው ዓይነት ሐረግ በጥቁር ታትሞበታል፤ የእኔ ሥራ ቀለም መቀባት ብቻ ነው። በማርከር ስሞክር ቀለሙ ከመስመር ወጥቶ ወደ ጀርባ ዘለቀ። ከለር እርሳስ ደግሞ ጠባቡ ቦታ ውስጥ አልገባ አለኝ። ባለ 48ቱን ትልቅ ፓኬት ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለ 48ቱን ተይው እህቴ። የቸገረሽ የቀለም ብዛት ሳይሆን የጫፍ ውፍረት ነው። ገበያ ከመውጣትሽ በፊት ማስመሪያ ያዢና ካርዱ ላይ በጣም ጠባቧን ቦታ ለኪ። ሐረጉ የሚጠላለፍበት ቦታ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ እዚያ የሚገባልሽ ፋይንላይነር፣ ማለትም ጫፉ በጣም ቀጭን የሆነው ባለ ቀለም እስክሪብቶ ነው። የስታድለር ትሪፕለስ ጫፍ 0.3 ሚሊሜትር ነው፣ የስታቢሎ ፖይንት 88 ደግሞ 0.4። የሁለቱም ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ደህና ካርቶን ላይ ወደ ጀርባ አይዘልቅም። ያ ያስቸገረሽ ማርከር የአልኮል ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ወረቀት ውስጥ ስለሚሰራጭ የቱንም ያህል ብትጠነቀቂ ከመስመር ይወጣል።

ስትቀቢ መጀመሪያ ጥቁሩን መስመር ሳትነኪ ጠርዝ ጠርዙን አስምሪ፣ ከዚያ መሃሉን ሙዪ። እርጥብ እያለ አትደጋግሚበት፣ ወረቀቱ ይላጣል። ቢጫ ላይ በተለይ አደራ! ንድፉ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ) ፕሪንተር የታተመ ከሆነ እስክሪብቶው ጥቁሩን ሲነካ ይዞት ይሄድና ቢጫሽ ይቆሽሻል፣ የእንቁጣጣሽ ካርድ ደግሞ ቢጫው ከቆሸሸ ምን ቀረው? ሌዘር ፕሪንተር ያለው ቤት አሳትሚው ወይም ፎቶ ኮፒ አስነሺው፣ የእነሱ የዱቄት ቀለም (ቶነር) በውሃ አይለቅም። ወረቀቱም በካሬ ሜትር 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ወፍራም ይሁን፣ 80 ግራሙ የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አይችለውም። የሚያብለጨልጨውን አትግዢ፣ እርሳስ አይዝም፣ ቀለምም ቶሎ አይደርቅበትም።

እርሳሱን ግን እንዳትጥይው። ሰፋ ላለው ቦታ፣ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ለሚሄድ ቀለም እሱን የሚተካ የለም። እንደ ፕሪስማከለር ፕሪሚየር ያለው ሰም የበዛበት ለስላሳ እርሳስ ቀለሙ ያምራል፣ ጫፉ ግን ቶሎ ይደንዛል። ለትንሽ ካርድ እኔ የምመርጠው እንደ ፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ ያለውን ጠንከር ያለ ነው፣ ሹልነቱ ይቆያል። ዋጋው ከከበደሽ ተራውንም ግዢ፣ ብቻ ጥሩ መቅረጫ ይኑርሽ፤ ስትቀቢም እርሳሱን በጣትሽ እያዞርሽ ተጠቀሚ፣ እንዲያ ስታደርጊ ራሱን ይሞርዳል።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አታዛቢ፦ ፋይንላይነር ይቅደም፣ ሲደርቅ እርሳስ ይከተል። ከእርሳሱ በላይ በፋይንላይነር ከሄድሽ ሰሙ ጫፉን ይደፍነውና እስክሪብቶው አለቀለት። 12 እርሳስና 10 ፋይንላይነር ከበቂ በላይ ነው፤ የድሮዎቹ ሐረግ ሠሪዎችም ያን ሁሉ ያሳመሩት በጥቂት ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ በወርቃማ ጄል ፔን ጠርዙን ሳስጌጥ እጄ እየነካካ ያበላሽብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወርቃማውን የመጨረሻ አድርጊው። ቀኝ እጅሽን የምትጠቀሚ ከሆነ ከላይ ከግራ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፣ ከእጅሽ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጊ። ጄል ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ካርዱን ሳታጥፊ አሳድሪውና ጠዋት ፖስታ ውስጥ ክተቺው።