ባለ 120 ኪሎዳልተኑ ቁራጭ ሙሉውን ፋይብሮኔክቲን ይተካል ወይ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያላዩ እንዲከታተሉን ባጭሩ ልድገመው። ሙሉው ፋይብሮኔክቲን (ሴሎች የሚጣበቁበት ፕሮቲን) ሲያልቅብሽ ባለ 120 ኪሎዳልተኑን (ኪሎዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ቁራጭ አዘዝሽ። እንደ ድሮው በ10 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ዌሎቹን (የፕሌቱን ጉድጓዶች) ኮት አደረግሽ፣ ማለትም ቀባሽ። ሴሎቹ፣ ፋይብሮብላስቶቹ፣ ተጣበቁ፣ ተዘረጉም፣ ግን በውስጣቸው ያሉት የአክቲን ክሮች (የሴሉ አጽም) ወፍራም ሆነው አልወጡም። ቁራጩ ተበላሽቶ ይሆን ወይ ነው ያልሽው።

ቁራጩ ምንም አልሆነም። ያየሽው ከእሱ የሚጠበቀውን ነው።

ፋይብሮኔክቲን ሁለት ረጃጅም ክንድ አለው፣ ክንዶቹ ጫፋቸው ላይ በዳይሰልፋይድ ተያይዘዋል። አንዱ ክንድ ከ220 እስከ 250 ኪሎዳልተን ይመዝናል። አሠራሩ እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ኢንዛይም ሲገባበት ዶቃዎቹን ሳይሰብር በመሀል ያለውን ክር ይበጥሳል። ያንቺ ቁራጭ በካይሞትሪፕሲን ተቆርጦ የወጣው መካከለኛው ክፍል ነው። ኢንተግሪን (የሴሉ ተቀባይ) የሚይዘው አርጂዲ የሚባል የሦስት አሚኖ አሲድ ቦታ አለበት፣ አጠገቡ ያለው አጋዥ ቦታም አለበት። የሌለበት ደግሞ ሄፓሪን የሚይዘው የኋለኛው ክፍል ነው፣ ሲንዴካን-4 የሚባለው ሌላው የሴል ተቀባይ የሚነካው ያንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዉድስ፣ ካውችማንና ባልደረቦቻቸው ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ፋይብሮብላስት በኢንተግሪን ያዥው ክፍል ብቻ ይጣበቃል፣ ይዘረጋል፤ ፎካል አድሂዥን (ሴሉ ከሥሩ ጋር ጠብቆ የሚያያዝበት ነጥብ) እና ወፍራም የአክቲን ክር ለማውጣት ግን የሄፓሪኑን ክፍልም ይፈልጋል።

ስለዚህ መልሱ በምትጠይቂው ነገር ይወሰናል። ስንት ሴል ተጣበቀ ብለሽ ለመቁጠር ከሆነ ቁራጩ በደንብ ይሠራል፣ እንዲያውም ንጹሕ ነው፣ ምክንያቱም በሌላው ክፍል የሚመጣውን ግርግር አስወግዶልሻል። ስለ አክቲን ወይም ስለ ሴል ጉዞ ከሆነ ግን "ፋይብሮኔክቲን ላይ" ብለሽ አትጻፊ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ሒሳቡ። 10 ማይክሮግራም በሚሊሊትር የቁራጩ መጠን ወደ 83 ናኖሞላር ነው። የሙሉው አንድ ክንድ 230 ኪሎዳልተን ነው ብንል፣ ያው 10 ማይክሮግራም 43 ገደማ ነው። በክብደት እኩል አድርገሽ ስታወዳድሪ ለቁራጩ እጥፍ የሚጠጋ አርጂዲ ሰጠሽው ማለት ነው። ከዚያ "ቁራጩ ይበልጣል" ይባላል! በሞላር፣ ማለትም በሞለኪውል ብዛት አስተካክዪ። ፕላስቲኩ ላይ የሚቀረው መጠንም ከፕሮቲን ፕሮቲን ይለያያል፣ እሱን በፀረ-አካል በኤላይዛ ማየት ይቻላል። አንድ መጠን ብቻ ከመያዝም ከ1 እስከ 20 ማይክሮግራም ድረስ ደረጃ በደረጃ አድርጊው።

ከታች አንዱ "አጭሩን የአርጂዲ ፔፕታይድ ግዢ፣ ርካሽ ነው" ብሏል። ርካሽነቱ እውነት ነው። ፒየርሽባከርና ሩኦስላቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሳዩት ጀምሮ አርጂዲ ያለበት የአራት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ሴል እንደሚይዝ ይታወቃል። ግን እንዲህ አጭር ፔፕታይድ ፕላስቲክ ላይ በቅጡ አይቀመጥም፣ ከሌላ ፕሮቲን ጋር አያይዘሽ ካልሆነ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚህም በላይ አጋዡ ቦታ ስለሌለው አልፋ5-ቤታ1 የሚባለው ኢንተግሪን ደከም ብሎ ነው የሚይዘው፣ ሌላው ኢንተግሪን አልፋV-ቤታ3 ግን አይቸገርም። ሳታስቢው ተቀባይ ቀየርሽ ማለት ነው። ፔፕታይዱን እኔ የምወደው ሚዲየም ውስጥ ሟሙቶ መጣበቅን ሲከለክል ነው። ያኔ አርጂኢ የሚባለውን፣ ሴል የማይይዘውን ፔፕታይድ እንደ መቆጣጠሪያ ጨምሪበት፣ ልዩነታቸው በአንዱ አሚኖ አሲድ ላይ ያለች አንዲት ካርበን ናት።

አሁን ወደ ፕሌቱ። ቢኤስኤ (ሴል እንዳይጣበቅ ፕላስቲኩን የሚሸፍን የከብት ደም ፕሮቲን) ብቻ ያለበት ዌል ላይም ሴል ተጣብቋል ብለሻል። እሱ ከአክቲኑ የበለጠ ያሳስበኛል። መጀመሪያ ሴረሙን ጠርጥሪ፤ ሴረም ራሱ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን አለበት፣ ጠብታ ከቀረ ያበላሻል። ትሪፕሲኑን (ሴሉን ከሳህኑ የሚያላቅቀውን ኢንዛይም) በሴረም ፈንታ በአኩሪ አተር ኢንሂቢተር አቁሚ፣ ከዚያ ሴሎቹን ሴረም በሌለው ሚዲየም እጠቢ። ማግኒዥየም የሚያስረው ኢዲቲኤም እንዳይተርፍ፣ ኢንተግሪን ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። ቢኤስኤውን አስቀድመሽ በሙቀት ቅርፁን አፍርሺው፣ ከዚያ በ1 ፐርሰንት መጠን ዌሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተዪው። ሙከራውንም ከአንድ ሰዓት ብዙ አታስረዝሚ፣ ሲቆይ ሴሎቹ የራሳቸውን ፋይብሮኔክቲን እያወጡ ይዘረጉበታል፣ ከዚያ የማን ኮቲንግ እንደሆነ አይታወቅም።

እጥበት ላይ እጅ ይለያል። ፒፔቱን መሀል ላይ ከደቀንሽ እዚያው ክብ መላጣ ይተዋል፣ በክሪስታል ቫዮሌት ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጫፉን ከዌሉ ግድግዳ ጋር አስደግፊ፣ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ሁሉንም ዌል ያው አንድ ሰው ይጠብ።

ሌላ ሙሉ ፋይብሮኔክቲን ከማዘዝሽ በፊት ሄፓሪን የሚይዘው ቁራጭ ጎረቤት ላብራቶሪ ካለ ትንሽ ለምኚ። ከ120ው ጋር አብረሽ ኮት አድርጊው፣ ሌላ ረድፍ ላይ 120ውን ብቻውን፣ ሌላ ላይ የሄፓሪኑን ብቻውን። አክቲኑ አብረው ባሉበት ረድፍ ላይ ብቻ ከወፈረ መልስሽን አገኘሽ። ፎቶ ስትለጥፊ የቢኤስኤውንም ዌል ጨምሪልን።