መልስ፦ «ኮድ ኦሬንጅ» ሲባል አስም ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

በዋሽንግተን አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት እናትዎ አስም እንዳለባቸውና የነገው የአየር ጥራት ትንበያ «ኮድ ኦሬንጅ» መሆኑን ገልጸው፣ ከቤት መውጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ኦሬንጅ ማለት የአየር ጥራት መለኪያው ከ101 እስከ 150 ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል ማለት ነው፤ ጤናማ ጎልማሳን እምብዛም ባያሰጋም፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ማስጠንቀቂያ ነው።

በእኔ አስተያየት ከቀለሙ ይልቅ አየሩን የሚበክለው ነገር የትኛው እንደሆነ ማየቱ ይበልጣል። ኦዞን ከሆነ ፀሐይ ስትበረታ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚጨምር፣ እናትዎ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ቢመለሱ ይሻላል፤ ጭንብል ኦዞንን አያግድም። ጭስ ከሆነ ግን፣ በጁን 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ዋሽንግተንን «ኮድ ፐርፕል» (ለሁሉም ሰው እጅግ ጎጂ የሆነው ደረጃ) ላይ ባደረሳት ጊዜ እንደታየው፣ ሁኔታው በሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከመውጣት በፊት የአሜሪካ መንግሥት «ኤርናው» በተባለው ድረ ገጹ የሚያወጣውን የወቅቱን ልኬት መመልከት ያስፈልጋል። ለጭስ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ኤን95 የተባለው ጭንብል ይረዳል፤ ሰማያዊው የሐኪም ጭንብል ደቃቁን ብናኝ በጎንና በጎን ያስገባል።

መስኮት ተዘግቶ ከሰል ማቀጣጠልና ዕጣን ማጨስ (ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን) የቤቱን አየር ከደጁ የባሰ ሊያደርገው ስለሚችል፣ የዚያን ቀን ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ኢንሄለራቸው (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ከእጃቸው አይለይ፤ ተጠቅመውበት ትንፋሻቸው ካልተመለሰ ግን ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ።