ለ«ግራንድፋዘርድ» ቤትና ሱቅ ገዢዎች፦ ዘግታችሁ አትሂዱ

አሜሪካ ውስጥ ንብረት የምትገዙ ወገኖቼ፣ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ስለሆነ ሳላለሳልስ እጽፋለሁ።

1. ነገሩ ምንድን ነው? ኒውዮርክ በ1916 ከተማ አቀፍ የዞኒንግ ደንብ ካወጣች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1926 በኦሃዮዋ የዩክሊድ መንደር ክርክር እንዲህ ያለውን ደንብ ካጸና ወዲህ፣ ከተሞች አንዱን ሰፈር ለመኖሪያ፣ ሌላውን ለንግድ ይመድባሉ። ደንቡ ሲወጣ በሕጋዊ መንገድ ይሠራ የነበረ ሱቅ ወይም ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት እንዲቀጥል ይፈቀድለታል። «ግራንድፋዘርድ ነው» የሚባለው ይህ ነው።

2. ወረቀት። የሻጩን ቃል አትመኑ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ከከተማው የዞኒንግ ክፍል የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ።

3. ማስፋትና እሳት። አንድ ክፍል መጨመር እንኳ መብቱን ሊያስነካ ይችላል። በብዙ ከተሞች ደግሞ ቤቱ ከዋጋው ግማሽ በላይ ከተቃጠለ በቀድሞው አኳኋን መልሶ መሥራት አይፈቀድም። የመድን ውላችሁ ይህን መሸፈኑን አረጋግጡ።

4. መዝጋት። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረችኝን ትንሽ ሱቅ ለሦስት ወር ብዬ ዘግቼ አገር ቤት ሄድኩ፤ ሦስቱ ወር ግን በሰበብ አስባቡ ሁለት ዓመት ሆነ። ግብሩን በየጊዜው ስከፍል፣ ቁልፉንም ለዘመድ ትቼ ስለነበር፣ መብቱ የእኔ ነው ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀምጬ ነበር። ስመለስ የተነገረኝ ሌላ ነው፤ መብቱ የሚከተለው አገልግሎቱን ነው፣ ባለቤቱን አይደለም። ሱቁ ቢሸጥ ለገዢው ይተላለፋል፤ ሥራው ከተቋረጠ ግን፣ እንደ ከተማው ደንብ በ6 ወር፣ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ይጠፋል። አንዳንድ ቦታ የባለቤቱ ሐሳብ ይመረመራል፤ በሌላው ግን የሚቆጠረው ቀኑ ብቻ ስለሆነ «ልመለስ አስቤ ነበር» ማለት አያድንም። ያንን አንድ አንቀጽ ከመሳፈሬ በፊት ባነብ ኖሮ! ዛሬም «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሎ በሩን ቆልፎ የሚሄድ ወገን ሳይ እቆጣለሁ፤ ምክንያቱም ያ ሰው እኔው ነኝ። መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ሱቁን ለሌላ አከራዩና እዚያው ዓይነት ንግድ ይቀጥል፤ የኪራይ ውሉን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የመብራቱንና የሽያጩን ደረሰኝ በየወሩ አስቀምጡ፤ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናችኋልና። የእኔዋ ሱቅ መስኮቷ በግንብ ተደፍኖ አሁን መኝታ ቤት ሆናለች።