መብራት ጠፍቶብኝ ለምን እቀጣለሁ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። ዶታ 2 የሚባለውን፣ አምስት ለአምስት ሆነን በኢንተርኔት የምንጋጠምበትን ጨዋታ እጫወታለሁ። ሰሞኑን ሁለቴ ጨዋታ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ጠፋ፤ ላፕቶፔ ግን ባትሪ ነበረው። ጥዬ እንደወጣሁ ተቆጥሮ ነጥብ ተቀነሰብኝ፣ ቅጣትም ገባሁ። ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ እንደሚያናድድ እናውቃለን። ሰርቨሩ (ጨዋታውን ከሩቅ የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) የሚያየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአንተ ይመጣ የነበረው መረጃ ቆመ። መብራት ጠፍቶ ይሁን ተናድደህ ገመዱን ነቅለህ፣ ከዚያ ማዶ ልዩነቱ አይታይም። «ኔትወርክ ነው» ያለ ሁሉ ምሕረት ይደረግለት ቢባል፣ መሸነፉን ያወቀ ሁሉ ዋይፋዩን ያጠፋል። የሚጎዱት ደግሞ አምስት ሆነው ጀምረው አራት የቀሩት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሐሳብህ አይመረመርም፤ የሚለካው ስንት ደቂቃ እንደጠፋህና ስንት ጊዜ እንደደጋገምከው ነው።

ዶታ 2 ላይ ገደቡ 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ከተመለስክ እንደወጣህ አይቆጠርም። የደጋገመ ሰው «ሎው ፕራዮሪቲ» (የተቀጡ ተጫዋቾች የሚገናኙበት ወረፋ) ይገባል፤ የሚወጣውም የተወሰኑ ጨዋታዎችን አሸንፎ እንጂ ቁጭ ብሎ በመጠበቅ አይደለም። ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ በበኩሉ ቅጣቱን በደረጃ ያሳድጋል፦ 30 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት፣ 24 ሰዓት፣ ከዚያ 7 ቀን፤ ጥፋቱን ሳይደግሙ ሲቆዩ ደረጃው መልሶ ይወርዳል። በእኛ ዓይን ይሄኛው የተሻለ ፍትሕ አለው። አንድ ቀን መብራት የጠፋበትን በግማሽ ሰዓት ያልፈዋል፣ ልማድ ያደረገውን ግን አይለቀውም።

ያንተ ሥራ እንግዲህ 5 ደቂቃዋን ማትረፍ ነው። ላፕቶፑ ከበራ የጠፋው ራውተሩ ነው። ገልብጠህ ጽሑፉን አንብብ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ስትገዛ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩም ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ያላነሰ ይሁን። ቮልቱ ከበለጠ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል። የኢንተርኔት አቅራቢው መሣሪያም ከሰፈሩ መብራት ጋር አብሮ ከጠፋ ግን ዩፒኤሱ አይረዳህም፤ ለዚያ የስልክህ ሆትስፖት ያስፈልጋል። ጨዋታ ከመጀመርህ በፊት አንዴ አገናኝተህ የይለፍ ቃሉን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጥ። ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርገው፤ አለዚያ አፕዴት ይጀምርና ጥቅልህን ይጨርሰዋል። መብራት ሲሄድ ጨዋታውን አትዝጋ፤ ሆትስፖቱን አብራ፣ ተገናኝ፣ «ሪኮኔክት» የሚለውን ተጫን። ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃዋን የሚበላት በጨለማ የይለፍ ቃል ፍለጋ ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር ነው የምጽፈው። በኢንተርኔት ስጫወት አራት አምስት ጊዜ ካሸነፍኩ በኋላ ጨዋታው ደካማ ደካማ የቡድን ጓደኛ ይሰጠኛል። ሆን ተብሎ ነው? ፒንጌም (መረጃው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍተኛ ነው።

መልስ፦ ይህ በተለመደው የራንክ (የተጫዋቾች ደረጃ) ስሌትም የሚመጣ ነገር ነው። የብዙዎቹ ስሌት መነሻ የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ የሠሩት ነው፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ስታሸንፊ ነጥብሽ ይወጣል፣ ነጥብሽ ሲወጣ ተጋጣሚሽ ይከብዳል፤ አቅምሽ ጋ ስትደርሺ ከሁለት አንዱን መሸነፍ ይመጣል። ቅሬታሽ እውነት የሚሆነው በቡድን ጨዋታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመዘነው አማካይ ስለሆነ፣ አንድ ጎበዝና አንድ ጀማሪ ያሉበት ቡድን ከሁለት መካከለኞች ጋር «እኩል» ይባላል። ጀማሪውን መሸከም ግን ያንቺ ዕዳ ይሆናል።

ሰዓትም ለውጥ አለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አውሮፓም ተኝቷል፤ ሰው ሲጠፋ የጨዋታው የተጫዋች ፍለጋ እየሰፋ ሄዶ የማይመጥንሽን ያመጣልሻል። ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሞክሪ። ፒንግን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሴኮንድ ብዙም አይወርድም፤ ኬብሉ ስለሚዞርም በተግባር ይበልጣል። ዱባይ በግማሽ ያህል ይቀርባል፤ መስመሩ ግን ዞሮ ሊሄድ ስለሚችል ሁለቱንም ሰርቨር ለክተሽ ምረጪ።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ አጠገብ ጌም ዞን አለኝ። ለ16 ልጆች የእግር ኳስ ውድድር ላዘጋጅ ነው። ጎበዙ ሁሌ ጀማሪውን እንዳይረመርም፣ የተሸነፈውም ጆይስቲክ ጥሎ እንዳይወጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብተር ይያዙ። ሁሉም በ1,000 ነጥብ ይጀምር፤ ያሸነፈው ከተሸነፈው ላይ ይወስዳል። ከጨዋታው በፊት ነጥባቸው እኩል ከሆነ ያሸነፈው 16 ነጥብ ይወስዳል። በ100 ከተበላለጡ የበላዩ ቢያሸንፍ 12፣ የበታቹ ቢያሸንፍ 20። በ200 ከሆነ 8 ወይም 24፤ በ400 ደግሞ 3 ወይም 29። በየዙሩ ነጥባቸው የተቀራረበውን ያገናኙ። ጎበዙ ጀማሪ እየመረጠ ቢያሸንፍ እንኳ የሚያገኘው 3 ነጥብ ስለሆነ ራሱ ይተወዋል።

እርስዎ ደግሞ ሰርቨሩ የሌለው ነገር አለዎት፦ ልጁን በዓይንዎ ያዩታል። ጥሎ ለወጣ 3 ለ 0 ይጻፉበት፤ ልዩነቱ ቀድሞ ከዚያ በልጦ ከነበረ የነበረው ይጽና። መብራት ሲጠፋ ግን ማንም አይቀጣ። ለዚህ ሲባል ጎል በገባ ቁጥር ውጤቱና ደቂቃው ደብተር ላይ ይስፈር፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጨዋታው አብሮ ይጠፋልና። ግማሹ በእውነተኛ ሰዓት 6 ደቂቃ የሆነ ጨዋታ፣ ስክሪኑ ላይ በሚታየው ሰዓት 60ኛው ደቂቃ ላይ ከተቋረጠ የቀረው ሲሶው ነው። መብራት ሲመጣ አዲስ ጨዋታ ከፍተው፣ ሰዓት ይዘው 4 ደቂቃ ያጫውቱና የገባውን ጎል በደብተሩ ላይ ይደምሩ።