ጥያቄ አለኝ፦ ኮዱ አማረ፣ ስልኩ ግን ደረቀ

ጥያቄ፦ በድሬ ደንብ «አንተ» ልበልህ። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላሉ ነጋዴዎች የዕቃ ዋጋ የሚያሳይ የአንድሮይድ መተግበሪያ በኮትሊን ቋንቋና በአር ኤክስ ጃቫ የኮድ ላይብረሪ እየሠራሁ ነው። ሥራ የሚካሄድበትን ትሬድ (የሥራ መስመር) የሚመርጡትን «ሰብስክራይብ ኦን»ንና «ኦብዘርቭ ኦን»ን አሥራ አራት ቦታ ደጋግሜ ጽፌ ነበር። ሲሰለቸኝ ሁለቱን አንድ ትራንስፎርመር (ትእዛዞችን በአንድነት የሚይዝ ቁራጭ ኮድ) ውስጥ ጠቅልዬ በ«ኮምፖዝ» ትእዛዝ መጥራት ጀመርኩ። ኮዱ አማረ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ይደርቅና ቆይቶ ይለቃል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ምን አበላሸሁ?
ከሳቢያን ሰፈር፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ «አንተ» በማለትህ ደስ ብሎኛል፤ ድሬ ላይ እንዲህ ነው የሚያምርብን። የላክኸውን ኮድ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትራንስፎርመሩ ውስጥ የጻፍከው ትክክል ነው። የተሳሳተው ቦታው ነው፤ ዳታው ከሚመጣበት ምንጭ ቀጥሎ፣ ዳታውን ከሚተነትነው «ማፕ»ና ዋጋዎቹን ከሚደረድረው መስመር በላይ አስቀምጠኸዋል።

ሁለቱ ትእዛዞች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ መንታ ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። «ሰብስክራይብ ኦን» ሥራው ከየትኛው ትሬድ እንደሚነሳ ይወስናል፤ ከላይም ጻፈው ከታች ውጤቱ አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተጻፈም ለምንጩ የቀረበው ያሸንፋል። «ኦብዘርቭ ኦን» ግን ቦታ ያውቃል። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በልጅነቴ ጣቢያው ድረስ ወስዶ ሃዲድ የሚቀየርበትን ቦታ አሳይቶኛል። ባቡሩ መስመር የሚለውጠው እዚያ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ በአዲሱ ሃዲድ ነው። አንተም ሃዲዱን ገና ከመነሻው ወደ ዋናው ትሬድ ቀየርከው፤ ስለዚህ መተንተኑም መደርደሩም ስክሪኑን በሚስለው ትሬድ ላይ ወደቀ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

«ኮምፖዝ»ን ወደ ታች አውርደው፤ ሥራውን ከሚያስጀምረው «ሰብስክራይብ» በፊት የመጨረሻው መስመር ይሁን። ኢንተርኔትና ዳታቤዝ «አይ ኦ» በተባለው ስኬጁለር (ለሥራ ትሬድ የሚመድብ) ላይ ይቆዩ። መደርደሩ ከባድ ከሆነ ከፊቱ ለስሌት ወደተዘጋጀው «ኮምፒውቴሽን» ስኬጁለር የሚያሻግር አንድ «ኦብዘርቭ ኦን» ጨምር። «ኮምፒውቴሽን» የሚይዘው የትሬድ ቁጥር በስልኩ ፕሮሰሰሮች ልክ ስለሆነ ኢንተርኔት የሚጠብቅ ሥራ አታሸክመው።

ስኬጁለሮቹንም ትራንስፎርመሩ ውስጥ አትቅበራቸው፤ ከውጭ ተቀበላቸው። ያኔ ስትፈትሽ «ትራምፖሊን» በተባለው ስኬጁለር ተክተህ ሁሉንም በአንድ ትሬድ ላይ በተራ ማስኬድ ትችላለህ። አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጠውን «ሲንግል» የምትጠቀም ከሆነ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ውጤት በተከታታይ የሚልከው የ«ኦብዘርቫብል»ኑ አይገጥምለትም።

ካስተካከልክ በኋላ በራስህ ስልክ ብቻ አትፈትሸው። ታይዋን ውረድና ከነጋዴዎቹ መካከል ያረጀ ስልክ ያለውን ለምነህ በእሱ ክፈተው።