ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ዲፓርትመንቷ ለምን አልታወቀም?

ወንድሜ፣ እህትህ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ምን እንደምትማር አለመነገሩ አሳስቦህ «ተረስታ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። አልተረሳችም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ወላጆች በየዓመቱ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበር።

ትምህርት ሚኒስቴር በ12ኛ ክፍል ውጤትና በምርጫ የሚመድበው ዩኒቨርሲቲውን ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን (ከዲፓርትመንት በፊት ያለው የጋራ አንደኛ ዓመት) ከተመለሰ ወዲህ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ናቹራሉም ሶሻሉም በአመዛኙ ተመሳሳይ ኮርስ ይወስዳል፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ። ዲፓርትመንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ፈላጊው ከቦታው ከበዛ ውጤት ይለያል።

ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ሎጂክ ለእኔ ሙያ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይተወዋል፣ ሒሳብ ላይ ብቻ ያድራል። ሁለቱም ግን ባለ ሦስት ክሬዲት ናቸው፤ ውጤት ሲሰላ እኩል ይመዝናሉ። ኤ 4፣ ሲ 2 ነጥብ ሆኖ በክሬዲቱ ስለሚባዛ፣ ሎጂክ ላይ ኤ ማግኘት እየቻለ ሲ ያመጣ ተማሪ ስድስት ግሬድ ፖይንት ከሰረ፤ ሒሳብ ላይ ቢሆንም ኪሳራው ያው ነው። የዲፓርትመንት ምደባው ሲለጠፍ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) በነጥብ ቤት ነው የሚለያየው፤ «ለጥቂት አመለጠኝ» እያለ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው ብዙ ነው።

የምርምር፣ አፕላይድ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚለው የዩኒቨርሲቲዎች ክፍፍል ለጊዜው አያስጨንቅህ፤ ፍሬሽማን ላይ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ክፍያውም በወጪ መጋራት ውል ስለሆነ አሁን ከኪሷ አይወጣም፣ ተመርቃ ነው የምትከፍለው። አብዛኛው ዲግሪ ፍሬሽማንን ጨምሮ አራት ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግና ሕግ አምስት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የሚታለፍ መውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ።

«ግል አስገባትና የፈለገችውን ወዲያው ትጀምር» ያሉህ ሰዎች መውጫ ፈተናው የግሉንም ተማሪ እንደሚመለከት አልነገሩህም። ከገባችም «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» የሚል ወሬ አይብቃህ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለአካውንቲንግ ስለተፈቀደለት ሌላው ነርሲንግ ያስተምራል ማለት አይደለም።

እኔ ብሆን የተመደበችበት ትሂድ እላለሁ። ፍላጎቷ ፋርማሲ ነው ብለሃል፤ ዩኒቨርሲቲው ፋርማሲ ከሌለው ጂፒኤዋ 4 ቢሆንም እዚያ አይደርሳትም። ስለዚህ ዛሬውኑ የሬጅስትራሩን ስልክ ፈልገህ ፋርማሲ እንዳላቸው ጠይቅ።