ጄ እና ዩ የሌሉበት ጥልፍ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የድሮ አሜሪካ ጥልፍ ፎቶ አየሁ፣ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት የሠራችው ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1790ዎቹ ይላል። ፊደሉን ከኤ እስከ ዜድ ደርድራ ከስር ቁጥርና ስሟን ጠልፋበታለች ግን ጄ እና ዩ የሉም። ረስታቸው ነው? ደሞ ከጥልፍ ሌላ ምንም አያስተምሯቸውም ነበር እንዴ? አሳዘነችኝ።

መልስ፦ አልረሳችም እህቴ። በድሮው አጻጻፍ አይ እና ጄ እንደ አንድ ፊደል፣ ዩ እና ቪም እንደዛው ነበር የሚታዩት፣ ስለዚህ የዛን ጊዜ ብዙ ጥልፎች ላይ 24 ፊደል ብቻ ነው የምታገኚው። ጨርቁን ሳምፕለር ይሉታል።

ፊደሉ ደሞ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። ያኔ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ውድ ንብረት ነው፣ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ነው የሚታጠበው፣ እና እያንዳንዱ ጥግ ላይ በትንንሽ መስቀለኛ ስፌት የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ቁጥር ይጠለፍበታል። ቁጥሩ በተራ በተራ እንዲነጠፉ ነው፣ አንዱ ብቻ ቶሎ እንዳያልቅ። ጎበዝ ጠላፊ ከሆነች ጨርቁን ብትገለብጪው እንኳን ጀርባው ላይ ቋጠሮ አይታይም፣ ስፌቱ እንደ ፊቱ ንፁህ ነው። ይሄን የ8 ዓመት ልጅ መርፌ ይዛ ስትለማመድ አስቢው እስቲ!

ማዘንሽ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም በሰሜን ምስራቅ አሜሪካ፣ ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ነበር የሚማሩት፣ ማንበቡን ሴቶቹም ይማራሉ፣ ብዕር ግን ቅድሚያ ለወንዶቹ ነው፣ ስለዚህ ስሟን በክር አሳምራ የጠለፈች ልጅ በቀለም መፈረም የማትችል ልትሆን ትችላለች። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ከጥልፍ ሌላስ ላልሽው፣ ተምረዋል። ሳራ ፒርስ በ1792 ኮኔቲከት ሊችፊልድ ውስጥ የከፈተችው ትምህርት ቤት ታሪክና ጂኦግራፊ ከጥልፉ ጎን ይሰጥ ነበር። የሐር ጥልፍ በብዙ ቦታ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ሲያልቅ ወላጆች በፍሬም አርገው ሳሎን ይሰቅሉታል። ጆርጅ ዋሽንግተን በታህሳስ 1799 ሲሞት ደሞ ተማሪዎቹ መቃብሩንና አጠገቡ የምታለቅስ ሴትን በሐር መጥለፍ ጀመሩ፣ ፊትና ሰማዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ቀለም የተሳለ ነው፣ ፊት በክር አይወጣማ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የዌስትታውንን ነው። ኩዌከር የሚባሉ ቀላል ኑሮ የሚመርጡ ክርስቲያኖች በ1799 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው፣ እነሱ ጌጣጌጥ ስለማይወዱ ሴቶቹን መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው የተቀዳደደ ጨርቅ ክር በክር እየሸመኑ መድፈን ነበር፣ ያልተቀደደ እስኪመስል ድረስ። ከዛ ግን ምን አመጡ መሰለሽ፣ የሐር ሉል! በእጅ የሚያዝ ኳስ ነው፣ ውስጡ ሱፍ ተጠቅጥቆበታል፣ ላዩ ሐር ተሰፍቶበታል፣ የኬንትሮስና የኬክሮስ መስመሮቹና የአህጉሮቹ ዳርቻ በክር፣ የአገሮቹ ስም በቀለም። ምድር ወገብን በመርፌ ዞራ የጨረሰች ልጅ ጂኦግራፊ አልተማረችም የሚል ካለ ይምጣ። በ1816 አንዷ ተማሪ ለቤተሰቦቿ ስትጽፍ፣ ሥራው ብዙ እንደሚያለፋት ግን ወንድሞቿንና እህቶቿን ልታስተምርበት እንዳሰበች ነግራቸዋለች።